ስለ ኬትሊን ክላርክና ስለ ሴቶች ቅርጫት ኳስ፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው ርዕስ፣ ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ወጥታ በ2024 ኢንዲያና ፊቨር ክለብ የገባችው ኬትሊን ክላርክ ለአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ምን አመጣች የሚለው ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የተመልካች ቁጥር ስትጠቅሱ አማካዩን ከጣሪያው ጋር አታደባልቁብኝ። አማካይ ማለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየደቂቃው ያየው ሰው ተደምሮ ለደቂቃዎቹ ሲካፈል ነው። ጣሪያው ብዙ ሰው የተሰበሰበባት አንዲት ቅጽበት ናት። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ።

ሪባውንድ፦ ጋሼ፣ የሴቶቹ ፍጻሜ ከወንዶቹ በልጦ ታየ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መላሽ፦ እውነት ነው። በ2024 የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ሳውዝ ካሮላይና የክላርክን አዮዋ 87 ለ 75 አሸነፈ። ያንን ጨዋታ በአማካይ 18.9 ሚሊዮን ሰው አየው። በማግስቱ የተደረገውን የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው 14.8 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ግን አንድ ነገር አይዘለል። የሴቶቹ ጨዋታ እሑድ ከሰዓት፣ ማንም ሰው በነጻ በሚያገኘው ኤቢሲ ላይ ነበር። የወንዶቹ ሰኞ ማታ በክፍያ ቻናል ነው የታየው። ቻናልና ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። የሴቶቹ ፍጻሜ ኤቢሲ ላይ መታየት የጀመረው ራሱ በ2023 ነው! ስለዚህ ቁጥሮቹን በተርታ እዩልኝ። 2022፣ ያለ ክላርክ፣ 4.85 ሚሊዮን። 2023፣ ክላርክ በተሸነፈችበት ፍጻሜ፣ 9.9። 2024፣ 18.9። በ2025 እሷ ዩኒቨርሲቲውን ለቃ ሄዳለች፤ ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 ደቆሰ፤ ተመልካቹ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ሆነ።

ሰው ይህን አይቶ «በግማሽ ወረደ» ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። እሷ ፍጻሜ ላይ ያልነበረችበትን 2022 እሷ ከሌለችበት 2025 ጋር አስተያዩ። የ2025ቱ ጨዋታ ገና በጊዜ ያለቀለት ነበር፣ ተመልካቹ ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የኮከብ ልክ የሚታወቀው በነበረችበት ቀን ቁጥር ሳይሆን ከሄደች በኋላ በቀረው ሰው ነው። ከዚህ ላይ የኤቢሲን ድርሻ ቀንሱ። የተረፈው የሷ ነው።

የማታ ተረኛ፦ እኔ ግን 24 ሚሊዮን ሰው አየው ሲባል ነው የሰማሁት።

መላሽ፦ ጣሪያው ነው። አሁን ምን ብዬ ጀመርኩ?

ዳንክ ናፋቂ፦ ስለ ክላርክ ምን ይላሉ?

መላሽ፦ ስለ ምኗ? ጥያቄህን ለይተህ አምጣ።

ዳንክ ናፋቂ፦ እሺ፣ ሴቶች ዳንክ አያደርጉም፣ ማለት ዘለው ኳሱን በእጃቸው ቅርጫቱ ውስጥ አይከቱም፤ ታዲያ ሰው ምኑን ብሎ ነው የሚያየው?

መላሽ፦ ያደርጋሉ። ሊሳ ሌስሊ በ2002 በሊጉ፣ ማለት በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ (ደብሊውኤንቢኤ)፣ የመጀመሪያውን አደረገች። ሰው ክላርክን የሚያየው ግን ለዳንክ አይደለም። የካቲት 15 ቀን 2024 ከሚሺጋን ጋር የተጫወተችውን ፈልገህ እይ። የሴቶቹን የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ጠቅላላ የነጥብ ክብረ ወሰን ለመስበር 8 ነጥብ ነበር የጎደላት። ጨዋታው ከተጀመረ ገና 2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ኳሷን እየነጠረች መጣች፣ ሜዳው መሀል ካለው ዓርማ አጠገብ ቆመች፣ ከቅርጫቱ 10 ሜትር ገደማ ርቃ ለቀቀችው። ገባ። ሌላ ተጫዋች ከዚያ ብትወረውር አሰልጣኟ ቁጭ ያደርጋታል። የዚያን ቀን 49 ነጥብ አስቆጥራ ወጣች። ቅርጫት ኳስ የማያውቅ ሰው እንኳ ርቀቱን በዓይኑ ይለካዋል። ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስልክ ላይ በ10 ሰከንድ ቪዲዮ የሚዳረሰውም እሱ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ክላርክ ባትመጣ ኖሮ ሊጉ ይዘጋ ነበር?

መላሽ፦ ማነው እንደዚያ ያለህ? ሊጉ ከ1997 ጀምሮ አለ። ኮከብ ብቻውን ክለብ እንደማያቆም ማወቅ ከፈለግህ የሂዩስተን ኮሜትስን ታሪክ አንብብ። ሲንቲያ ኩፐር፣ ሼሪል ስዎፕስ፣ ቲና ቶምፕሰን አንድ ላይ ተጫውተዋል። ከ1997 እስከ 2000 አራቱንም ዋንጫ ወሰዱ። በ2008 ክለቡ ፈረሰ። እንግዲህ ከዚያ በላይ ኮከብ ከየት ይምጣ?

ባለ 22 ቁጥር፦ ኧረ ጋሼ፣ ይህ ለክላርክ ክብር መንፈግ ነው። ኢንዲያና ፊቨር እሷ ሳትመጣ ሜዳው ባዶ ነበር እኮ።

መላሽ፦ አልነፈግኩም። ቁጥሩን እኔው ልስጥህ። ፊቨር በሜዳው በ2023 በአማካይ 4,067 ሰው ነበር የሚያየው። እሷ በመጣችበት በ2024 17,036 ሆነ። ከሜዳ ውጪ ያለው ደግሞ ይብሳል። እሷ ስትመጣባቸው ጨዋታውን ወደ ትልቅ አዳራሽ ያዛወሩ ክለቦች ነበሩ። ዋሽንግተን ሚስቲክስ 4,200 ሰው ከሚይዘው ቤቱ ወጥቶ መስከረም 19 ቀን 2024 ካፒታል ዋን አሬና ላይ 20,711 ሰው አስገባ። ያኔ የሊጉ የመደበኛ ጨዋታ ክብረ ወሰን ሆነ። ልብ በሉ፣ ያን ቀን ትኬት የሸጠው ተጋጣሚዋ ነው።

ሪባውንድ፦ ሁልጊዜ ክላርክ፣ ክላርክ! በ2023 ዋንጫውን የወሰደችው ኤንጀል ሪስ አይደለችም? ቡድኗ ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) አዮዋን 102 ለ 85 ነው የቀጣው።

ባለ 22 ቁጥር፦ ወስዳ ምን አደረገች? እጇን ፊቷ ላይ እያወዛወዘች ልጅቷን ስታበሽቅ ነበር።

ሪባውንድ፦ ያንኑ ምልክት ክላርክ ቀድማ በዚያው ውድድር አሳይታዋለች። ያኔ «ወኔ» ነበር የተባለው። ሪስ ስታደርገው ብልግና ሆነ?

ባለ 22 ቁጥር፦ አሁን ደግሞ ወደ ዘር ልትወስደው ነው።

ሪባውንድ፦ እኔ አልወሰድኩትም፤ እዚያው ነበር።

መላሽ፦ በቃ! ሁለታችሁም አረፍ በሉ። ሪባውንድ ስለ ምልክቱ ልክ ነው፤ ሁለቱም አድርገውታል። ለርዕሳችን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ፉክክር ሰው ይሰበስባል። በ2024 ሁለቱ ቡድኖች ወደ መጨረሻዎቹ አራት ለማለፍ እንደገና ሲገናኙ 12.3 ሚሊዮን ሰው አየ። ክላርክ ብቻዋን ብትሆን ታሪኩ ግማሽ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ሁለቱ ስድብ የሚጽፍ ካለ አልመልስለትም።

የማታ ተረኛ፦ ክላርክ ትበልጣለች ወይስ ኤጃ ዊልሰን?

መላሽ፦ ዊልሰን አራት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። ቀጥል።

አዲስ ገቢ፦ በ2024 ኦሎምፒክ ለምን አልተወሰደችም?

መላሽ፦ መራጮቹን ጠይቅ። ቡድኑ ፈረንሳይን 67 ለ 66 አሸንፎ ወርቁን ይዞ ተመልሷል።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ይህን ሁሉ ሰው አምጥታ ደመወዟ ለምን አነሰ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ መጣ። የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር። ያንን ማንም እሷን ለመጉዳት አልወሰነውም። ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2020 በፈረሙት የጋራ ስምምነት ለጀማሪ የተቆረጠ ነው። ስምምነቱ ሲፈረም ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ሊጉ ከ2026 የሚጀምር የ11 ዓመት የቴሌቪዥን ውል አገኘ፤ 2.2 ቢሊዮን ዶላር። ተጫዋቾቹም በጥቅምት 2024 ከስምምነቱ እንወጣለን አሉ። በ2025 የኮከቦች ጨዋታ ላይ «ያለባችሁን ክፈሉን» የሚል ቲሸርት ለብሰው ነው የገቡት። ከወንዶቹ እኩል ይከፈለን አላሉም። ሊጉ ከሚያገኘው ገቢ ድርሻችን ይደግ ነው ያሉት። የክላርክ ዋናው ገንዘብ ደግሞ የማስታወቂያ ነው፤ እሷ አትራብም። ጥያቄው ስለ አስራ ሁለተኛዋ ተጫዋች ነው።

ዳንክ ናፋቂ፦ ክላርክ ብትጎዳስ? ሊጉ ያልቅለታል?

መላሽ፦ ተጎዳች እኮ! በ2025 ከ44 ጨዋታ 13ቱን ብቻ ነው የተጫወተችው። ፊቨር ያለ እሷ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ከላስ ቬጋስ ጋር እስከ አምስተኛው ጨዋታ ታገለ። አዲሱ ክለብ ጎልደን ስቴት ቫልኪሪስ ደግሞ በሜዳው ያደረጋቸውን 22 ጨዋታዎች ትኬት በሙሉ ሸጦ ጨረሰ፤ በየጨዋታው 18,064 ሰው። ክላርክ የነሱ ተጫዋች አይደለችም።

ሦስተኛ ረድፍ፦ እንግዲያው ሁሉንም እሷ አላመጣችውም ማለት ነው?

መላሽ፦ መንገዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። በ2021 የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ላይ ለወንዶቹ ሙሉ ጂም ተሰጠ፤ ለሴቶቹ አንድ መደርደሪያ የእጅ ክብደት። አንዷ ተጫዋች ቀርጻ ለቀቀችው፣ አገር ተንጫጫ። የወንዶቹ ውድድር የሚጠራበትን «ማርች ማድነስ» የሚለውን ስም ሴቶቹ እንዲጠቀሙበት የተፈቀደው ከዚያ በኋላ፣ በ2022 ነው። በ2021 ክረምት ተማሪዎች በስማቸው ማስታወቂያ መሥራት ተፈቀደላቸው። ክላርክ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቷን ልትጀምር ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩት ኮከቦች ይህንን አላገኙም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ከየትኛው ጨዋታ ልጀምር?

መላሽ፦ ከ2023ቱ ፍጻሜ። ክላርክን ብለህ ክፈተው፣ ግን ጃስሚን ካርሰንን ተከታተል። ከተጠባባቂ ወንበር ተነስታ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 21 ነጥብ አስቆጠረች። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል የወረወረችው ባለ ሦስት ነጥብ ሰሌዳውን ነክቶ ገባ። ያን ሁሉ ሰው ክላርክ ጠርታው፣ ጨዋታውን ካርሰን ወሰደችው።