ታንኩ የየትኛው ቀን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጦር ተሽከርካሪ ሞዴሎች ሁለት አንቀጽ ብቻ ጣል አድርጌ ነበር። እናንተ ግን በዋዛ አላለፋችሁትም፤ ደብዳቤው ጎረፈ። ስለዚህ ዛሬ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ይቆየን፤ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ሙጫና ስለ ዝገት ብቻ እናውራ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱን የጀርመን ታንክ የታይገር 1ን ኪት (ተገጣጣሚ ሞዴል) በ1/35፣ ማለት ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰውን፣ ገዛሁ። እስካሁን የሠራሁት ሁለት ቀላል አውሮፕላን ብቻ ነው፤ አሁን ግን ብሎኑ አንድ በአንድ የሚቆጠርለት ሥራ አምሮኛል። የነሐስ ማሟያ፣ የብረት በርሜል፣ አንድ በአንድ የሚገጣጠም ሰንሰለት፣ ሁሉንም ሰበሰብኩ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው ግን ፈዝዤ ቀረሁ። ከየት ልጀምር? የምፈልገው 131 ቁጥር ያለውን ታንክ ነው። ያንን ሊጥ በማበጠሪያ የተሰረሰረ የሚመስለውን ልስን፣ ዚመሪት የሚሉትን፣ በምን ልሥራው?
— ፈዛዛው ጀማሪ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፣ ብዙ ድካም ይቀንስልሃልና። 131 ላይ ዚመሪት የለም። ዚመሪት ማግኔት ያለው ፈንጂ ብረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ተብሎ የሚለሰን ነገር ነው። ጀርመኖች ታንኮቻቸውን በእሱ መለሰን የጀመሩት በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን በሴፕቴምበር 1944 ተዉት። 131 ደግሞ ቱኒዚያ ውስጥ እንግሊዞች እጅ የገባው ከዚያ በፊት፣ በኤፕሪል 1943 ነው። ዛሬ እንግሊዝ አገር ቦቪንግተን በሚገኘው የታንክ ሙዚየም አለ። ሞተሩ ተነስቶ በራሱ የሚሄድ ታይገር ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደውም ወደዚያ ነው። ስለዚህ ያንን ሁሉ ልስን ለስነህ 131 ብትጽፍበት ያልነበረ ታንክ ሠራህ ማለት ነው።

የደብዳቤህ ዋና መልስ እዚሁ ውስጥ ነው። ሙጫ ከመክፈትህ በፊት ታንኩ የየትኛው ቀን እንደሆነ ወስን። «ታይገር» ብቻ አትበል፤ የትኛው ታይገር፣ የት ቆሞ፣ በየትኛው ወር? ታይገር 1 ከኦገስት 1942 እስከ ኦገስት 1944 ድረስ 1,347 ተሠርቷል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ መልኩ ሲለዋወጥ ነው የከረመው። የመጀመሪያዎቹ እግሮች (ሰንሰለቱ ላይ የሚሽከረከሩት ትልልቅ ጎማዎች) ዙሪያቸው ላስቲክ ነው፤ ከ1944 መጀመሪያ ወዲህ ያሉት ዙሪያቸው ብረት ነው። የአዛዡ ማያ በመጀመሪያ እንደ ከበሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ በኋላ ዝቅ ያለ፣ በፔሪስኮፕ የሚታይበት ሆነ። የኪቱ ሣጥን ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ዘመን ዕቃ አብሮ ይይዛል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው፤ ያማረውን ሁሉ ይለጥፋል። አንተ አንድ ፎቶ ምረጥ። የሌላ ሰው ሞዴል ፎቶ እንዳይሆን ብቻ፣ የራሱ የታንኩ። የሌላ ሰው ሞዴል አይቶ የሚሠራ ሰው የዚያን ሰው ስህተትም አብሮ ነው የሚገለብጠው፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሠርቻለሁ።

አሁን ወደ ነሐሱ። ለምን እንዳስፈለገ ካወቅክ የቱን ትጠቀም የቱን ትተው ግልጽ ይሆንልሃል። ነገሩ የማካፈል ሒሳብ ነው። የታይገር የፊት ብረት ውፍረቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ35 ሲካፈል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህን ፕላስቲክ በደንብ ይሠራዋል። የጭቃ መከላከያው ግን ስስ ቆርቆሮ ነው። እውነተኛው 2 ሚሊ ሜትር ነው ብንል በሞዴሉ ላይ 0.06 ሚሊ ሜትር ሊሆን ነው፤ ያንን በፕላስቲክ ማንም አያወጣውም። ኪቱ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ሰጥቶህ ከሆነ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ የጭቃ መከላከያ ተሸክመሃል፤ ያ ጥይት ይመልሳል! እንግዲህ ነሐስ የሚገባው እዚህ ነው፤ የጭቃ መከላከያ፣ የሞተር ወንፊት፣ የአካፋና የመጥረቢያ ማሰሪያ ማቀፊያ። ክብ የሆነ ነገር ላይ ግን ነሐሱን እርሳው። ከጠፍጣፋ ቆርቆሮ የተቆረጠ እጀታ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ከፊት ያምራል፣ ከጎን ሲያዩት ይጠፋል። እጀታና መንጠቆ ከቀጭን ሽቦ አጥፈህ ሥራ። ማሟያው ውስጥ ስላለ ብቻ ሁሉንም መለጠፍ የለብህም፤ ከግማሽ በላዩ ሣጥን ውስጥ ቢቀር ማንም አይከስህም።

ነሐሱ ሲታጠፍ አልታዘዝ ካለህ፣ ወይ እየተመለሰ ካስቸገረህ፣ በወረንጦ ይዘህ በላይተር እሳት ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ለአፍታ አሙቀው፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። ይለሰልሳል። ስስ ስለሆነ እሳቱ ላይ አታቆየው። ደግሞም የፕላስቲክ ሙጫ ነሐስ አይዝም። እሱ ፕላስቲኩን አሟሙቶ እርስ በርሱ የሚያዋህድ ነው፣ ብየዳ በለው። ለነሐስ ሱፐር ግሉ ያስፈልግሃል፤ እሱንም ከጠርሙሱ ቀጥታ ሳይሆን በመርፌ ጫፍ ነክተህ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ የደረሰብኝ ስለሆነ። አንድ ጊዜ የፊቱን የጭቃ መከላከያ በነሐስ አሳምሬ፣ እያንዳንዷን ማጠፊያ ጨርሼ፣ ኮርቼም ነበር፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ላስገባ ስል አልገባም። መግቢያ የለውም። የሁለት ሳምንት ሥራ በፒንሳ ነቀልኩት። ስለዚህ ሰንሰለትና እግር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚገባ ሳትሞክር ከላያቸው ምንም እንዳትዘጋ። እግሮቹንም ቀለም እስክትቀባ አታጣብቃቸው። የታይገር እግሮች እርስ በርስ የተደራረቡ ናቸው፤ አንዴ ከተጣበቁ የውስጠኞቹ ጋ ብሩሽ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የከባድ ተሽከርካሪ መካኒክ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የልጅ ልጄ ኤም 113 የተባለውን ብረት ለበስ በትንሹ ሠርቶ አሳየኝ። እጁ ይባረክ፣ ግሩም ነው። ግን ገላውን ሁሉ ቀለሙ ተልጦ የዛገ አስመስሎታል። እኔ «ይሄ ነገር እንዲህ አይዝግም» ስለው «አባባ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ። ማን ነው ትክክል?
— አባባ መካኒኩ

መልስ፦ እርስዎ ነዎት ጌታዬ፤ ለልጁም ይህን ገጽ ያሳዩልኝ። የኤም 113 ገላ አሉሚኒየም ነው። ከ1960 ጀምሮ አሜሪካኖች ሲጠቀሙበት የኖሩት፣ ለክብደቱ ቅለት ብለው ከአሉሚኒየም የሠሩት ብረት ለበስ ነው። (ስሙ ብረት ለበስ ይባል እንጂ ገላው ብረት አይደለም፤ ቋንቋችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል።) ቀለሙ ሲላጥ ከሥር የሚወጣው ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ቡናማና ብርቱካናማ ዝገት የሚገባው ብረት የሆነው ቦታ ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ፣ የመጎተቻው ገመድ፣ የጭስ ማውጫው።

ሰንሰለቱም ቢሆን እንደ አሮጌ ጣሪያ ቀይ መሆን የለበትም። እርስዎ ይህንን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት አፈር እየፈተገው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ መሬት የሚነካው የብረቱ ጠርዝ ደግሞ ይወለወላል። ልጁ የመጻፊያ እርሳስን ጥቁሩን የውስጥ ክፍል በብርጭቆ ወረቀት አድቅቆ፣ ዱቄቱን በጣቱ ጠርዝ ጠርዙን ቢያሸው ብረት የመሰለ ብልጭታ ያገኛል። ኤም 113 ሰንሰለት ላይ የላስቲክ ንጣፍ ስላለ ላስቲኩን ትቶ ብረቱን ብቻ ይነካካ። ባይከፋዎት አንድ ነገር ልለምንዎ። ከልጁ ጋር ይቀመጡና የት የት እንደሚላጥ በጣትዎ ያሳዩት። የሰው እግር የሚረግጥበት፣ እጅ የሚይዝበት፣ መክፈቻው የሚፈትገው ቦታ። የሞዴል ሠሪ ትልቁ ችግር ተሽከርካሪ ላይ ወጥቶ አለማወቁ ነው፤ ሁሉንም ቦታ እኩል ያስረጀዋል።

ጥያቄ፦ የሶቪየቱን ታንክ ቲ-34 ሠራሁ፤ ሁሉም ነገር ቆንጆ ሆኖ ሰንሰለቱ ግን ልክ እንደ ሱሪ ቀበቶ ተወጥሮ ቀረ። የጎማ ሰንሰለት ነው፣ ከኪቱ ጋር የመጣው። መጫወቻ አስመሰለብኝ።
— ቀበቶ የታጠቀው

መልስ፦ አይንህ ልክ ነው፣ ሰንሰለት ሞዴሉን ይገድለዋል። ቲ-34 ላይ ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸከም ትንንሽ ጎማ የለም፤ የላዩ ሰንሰለት በራሱ ክብደት ወርዶ ትልልቆቹ እግሮች ላይ ይተኛል። የአሜሪካኖቹ ሸርማን ታንክ ላይ ቢሆን ተሸካሚ ጎማ ስላለው እንደዚያ አይረግብም። ስለዚህ ሸርማን ላይ ያየኸውን እዚህ አታምጣ፤ እዚያኛውም ላይ ይህን አትውሰድ።

ለጎማ ሰንሰለት፣ የላዩን ክፍል እያንዳንዱ እግር አናት ላይ በጠብታ ሱፐር ግሉ ያዘው፤ እስኪደርቅ ድረስ በሰንሰለቱና በጎኑ ብረት መካከል ጥጥ ያለበትን የጆሮ መጥረጊያ እንጨት አስገብተህ ወደ ታች ተጫነው። ዕድሜ ላለው የጎማ ሰንሰለት የፕላስቲክ ሙጫ አይሠራም። ትዕግሥቱ ካለህ ግን አንድ በአንድ የሚገጣጠመውን ግዛ። አዎ፣ ያደክማል፤ ለታይገር ብቻ በአንድ ጎን 96፣ በሁለቱ 192 ሰሌዳ ነው። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምሠራው፣ ሳላስበው ያልቃል። የቲ-34 ሰንሰለት ጥርስ ያለው ሰሌዳና ጥርስ የሌለው ሰሌዳ እየተፈራረቁ ነው፤ ሳታስተውል ሁለት አንድ ዓይነት ብታከታትል እስከ መጨረሻው ይዛባብሃል። ደግሞ የሚያሽከረክረው ጥርሳም ጎማ ከኋላ ነው፣ ታይገር ላይ ግን ከፊት።

ጥያቄ፦ ዋሽ የሚሉትን ቀጭን ቀለም ቀብቼ ሥሩ ያለው ቀለም አብሮ ተነሳ። በዚያ ላይ አንድ የእግር ዘንግ ራሱን ችሎ ተሰበረ። ምን በደልኩ?
— ተስፋ የቆረጠች

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ጥፋት ነው እህቴ። የሥሩም የላዩም ቀለም ኢናሜል (ዘይት ነክ ቀለም) ከሆነ ማቅጠኛው አይመርጥም፣ ሁለቱንም ያነሳል። ሥሩን በአክሪሊክ፣ በዋይት ስፒሪት በማይነሳው ቀለም፣ ቀቢ፣ አንድ ስስ ቫርኒሽ ደርቢበት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ዋሹን የሠዓሊ ዘይት ቀለም በዋይት ስፒሪት አቅጥነሽ ሥሪው። ዘይት ቀለሙን መጀመሪያ ካርቶን ላይ አድርገሽ ለጥቂት ሰዓት ተይው፤ ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ሲደርቅም አያብለጨልጭም። ደግሞ መላውን ታንክ አታጥቢው። ብሎን ዙሪያ፣ የብየዳ መስመር ሥር፣ የመክፈቻ ጠርዝ፣ በቀጭን ብሩሽ ጠብታ ጠብታ ብቻ።

ዘንጉ የተሰበረው ማቅጠኛው ተጠራቅሞበት ነው። ያልተቀባ ፕላስቲክ፣ በተለይ ተወጥሮ የተጣበቀ ከሆነ፣ ማቅጠኛ ሲቋጥርበት ይሰነጠቃል። ከሆድ በኩል ያሉትን ቦታዎች ቀለም ሳይነካቸው ዋሽ አታፍስሺባቸው። መስኮትም ክፈቺ፣ ሽታው ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ አጭር ናት። ለምን 1/35? ለምን 1/30 ወይም 1/40 አልሆነም?
— ቁጥር ወዳዱ

መልስ፦ መልሱ ያስቃል። ባትሪ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞተር ያለው የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ መግባት ነበረባቸው፤ ታንኩ በዚያ ልክ ተሠራ፣ ሲለካ ወደ 1/35 ሆኖ ተገኘ። ሌላው ተከተለ። 1/72 እና 1/48 የመጡት ከእንግሊዞች ኢንችና ጫማ ነው፤ 72ቱ ስድስት ጫማ በአንድ ኢንች፣ 48ቱ አንድ ጫማ በሩብ ኢንች።

ጥያቄ፦ የታይገሬን አንዲት የመሣሪያ ማቀፊያ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ ከወረንጦዬ ተፈናጥራ ጠፋች። ሦስት ሰዓት በጉልበቴ ፈለግኳት። ምን ላድርግ?
— ወለል ላይ ያለሁት

መልስ፦ ተነሳ በመጀመሪያ። ለሚቀጥለው ጊዜ ትንንሾቹን የምትቆርጠው ሁለት እጅህን ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ይሁን፤ ብትፈናጠር እዚያው ትወድቃለች። ወይም ቆርቆሮውን ከሥር ፕላስተር ለጥፍበትና ቁረጥ።

ለዛሬዋ ግን ፎቶህን አውጣና ተመልከት። በጦርነት ጊዜ የተነሱ ታንኮች ላይ አካፋው የሌለ፣ መጥረቢያው የወደቀ፣ የጭቃ መከላከያው ተገንጥሎ የቀረ ሞልቷል። የአንተም ታንክ እዚያ ጎኑ ላይ አካፋውን ጥሎ ይሆናል። ማቀፊያዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ሁለት ጥቃቅን የብሎን ቀዳዳ ብሳ፣ ዙሪያውን ትንሽ ቀለም አልጣው። ማቀፊያዋ ከተገኘች የምትገኘው የመጨረሻውን ቫርኒሽ ከቀባህ በኋላ ነው፤ ካልሲህ ሥርም ፈልግ።