አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም ትታይ

እህትህን ባሏ አንገቷን አንቋት ምልክት ስላልታየባት ሐኪም ያስፈልጋታል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ከታነቀች ወዲህ ድምፅዋ ከሻከረና መዋጥ ካቃታት፣ «ምልክት የለም» ማለትህ አያዋጣም። ታንቀው ቆዳቸው ላይ ምንም የማይታይባቸው ብዙ ናቸው።

ጉዳቱ ውስጥ ነው። ጉሮሮ ቀስ ብሎ ያብጥና ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ውስጡ ከተሰነጠቀ ደግሞ ደም ይረጋበታል፤ ስትሮክ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ደሙ ከተቋረጠ ራስን ለመሳት 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃል፣ ስለዚህ «ትንሽ ነው የያዘኝ» ብትልህ አትቀበላት።

ካላችሁበት ከአዘዞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሩቅ አይደለም። ትንፋሽ ካጠራት፣ ፊቷ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎኗ ከዛለ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ደውል።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ዘመድ ቤት አንዲት ሴት ታንቃ ሽማግሌ ይቅደም ተብሎ ቀኑ መሸ። ሆስፒታል ስትደርስም አፍራ «ወድቄ ነው» አለች፤ አንገቷን ማን ይይላት? ያንተዋ «ታንቄ ነው» ትበል።