መልስ፦ አምፖል በርቶ እንጀራው በኩበት

ወንድምዓለም፣ «ጤናና ትምህርት ካሉ የኃይል አቅርቦት ለብቻው የልማት ግብ የሆነው ለምንድን ነው?» ላልከው፣ ድሮ እንዳንተ ያሰቡ ብዙ ነበሩ። ከአሁኖቹ በፊት በነበሩት 8 የተመድ የሚሌኒየም የልማት ግቦች ውስጥ ኃይል የሚባል አልነበረም። በ2015 እ.ኤ.አ. ተመድ 17ቱን ዘላቂ የልማት ግቦች ሲያጸድቅ ነው 7ኛ ሆኖ የገባው።

ምክንያቱን ለማየት ደላንታ እናቴ ቤት ጎራ በል። መብራት ገብቷል። አምፖል ይበራል፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። እንጀራ ግን ዛሬም በኩበት ነው። ጭሱ ዓይኗን እየለበለባት፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው ሊጡን የምታዞረው። ኩበቱስ ቢሆን? ማሳ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ነበር። ለቀማው ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ፤ የሴት ልጅ፣ ያውም በትምህርት ሰዓቷ። አንድ ምጣድ ስንቱን ግብ ነካ!

7ኛው ግብ ከመብራት ሌላ ንጹህ ማብሰያንም የሚቆጥረው ለዚህ ነው። እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ይዳረስ ይላል፤ እንጃ፣ እኔ አይመስለኝም። ትንሿ ሶላር ለአምፖልና ለስልክ አሪፍ ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ በእሷ አይታሰብም። ለእናቴ ለጊዜው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ገዝቼላታለሁ። ጭሱ ቀነሰ፣ የሚነደው ግን ያው ኩበት ነው።