ሚስማሩን አያችሁት?

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍላችሁ። ጡረታ የወጣሁ የራጅ ባለሙያ ነኝ። 31 ዓመት አጥንት ሳይ ኖሬያለሁ። «ስለ ሥዕል ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። እንጀራዬ ማየት ነበር።

ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ እረኛ ልጅ ክንድ አነሳሁ። ከዛፍ ወድቆ ነው። መሐል ክንዱ ላይ ስብራቱ ወለል ብሎ ይታያል። «አገኘሁት!» ብዬ ደስ አለኝና ፊልሙን አወረድሁት። አለቃዬ መልሰው መብራቱ ላይ ሰቀሉት። አንጓው ጋ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። «አንዱን ስታገኝ ማየት ተውህ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እናንተ ስልካችሁ ላይ ሥዕል ስታዩ ይኸው ነገር ትዝ ይለኛል። «ዋው» ትላላችሁ፣ አውራ ጣት ወደ ቀጣዩ። እስቲ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ሰንብቱ።

እኔ የሰነበትሁት ወተት ከምትቀዳዋ ሴት ጋር ነው። ዮሐንስ ቨርሜር የሚባል የሆላንድ ሰዓሊ በፈረንጆች 1660 አካባቢ ነው የሣላት። አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ አለች። ትንሽ ሥዕል ናት፣ ቁመቷ 45 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሙዚየሙ በድረ ገጹ በነጻ ለቋታል። ዋይፋይ ስታገኙ አውርዷትና እያሰፋችሁ እዩ።

መጀመሪያ ዓይናችሁ ወተቱ ላይ ያርፋል። ክር መስሎ ይወርዳል። ልጅቷ ዓይኗን አትነቅልም። እናቴም ከቅል ወተት ስትገለብጥ እንዲሁ ነበረች፤ ቢጠሯት አትሰማም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል። እናንተ ግን ወደ ግድግዳው ሂዱ። ባዶ ይመስላል። ከፍ ብሎ አንድ ሚስማር አለ፣ ከነጥላው። ሚስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳም ታገኛላችሁ። የኖረ ሰው ቤት ግድግዳ እንዲህ ነው።

በፈረንጆች 2022 ሙዚየሙ ሥዕሏን በልዩ መሣሪያ መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። የእኔው ሥራ ወንድም በሉት። ከቀለሙ ሥር፣ ከልጅቷ ራስ ኋላ፣ ማሰሮ የሚንጠለጠልበት መደርደሪያ ተገኘ። ሰዓሊው ጀምሮት ኖሯል። ከዚያ ሸፈነው። ሚስማሩን ተወው! እኔ በበኩሌ መደርደሪያው ዓይናችንን ከወተቱ ስለሚሰርቅ ነው እላለሁ።

በዘይት ቀለም ቅብ ብቻ አትወሰኑ። ዱሬር የሚባለው የጀርመን ሰዓሊ የሣላት ጥንቸል በፈረንጆች 1502 ወረቀት ላይ የተሠራች ናት፤ ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ትገኛለች። ዓይኗን አስፉት፤ የመስኮት ፍሬም ታያላችሁ። እሷን ግን ለሕዝብ የሚያወጧት አልፎ አልፎ ነው፤ ብርሃን ይጎዳታል። እኛም ያልታጠበ ፊልም ጨለማ ክፍል ነበር የምንደብቀው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነው» ካላችሁ ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ተሻገሩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። ፍላሻችሁን አጥፉ። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን ብዙ አስጎብኚ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁን እናንተ ፈልጉ። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ የጨርቁን ጠርዝ ያገኘ ልጅ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ወተት ቀጂዋን ለባለቤቴ አሳየኋት። ሚስማሩን ልጠቁማት ስል እጄን ገፋ አደረገችው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተቆራረሰ ዳቦ እያየች ነበር።

«ይህ ዳቦ የደረቀ ነው» አለች። «ልጅቷ በወተት አርሳ ፍትፍት ልትሠራ ነው።»

ሄጄ አነበብሁ። ስለ ሥዕሏ የጻፉ ባለሙያዎችም የደረቀ ዳቦ በወተት እያበሰለች ነው ይላሉ። እኔ ከሚስማሩ ጋር ስንት ቀን ስቆይ፣ ዳቦውን «ዳቦ» ብዬ አልፌው ነበር።