ትከሻው ቢደበዝዝስ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ፎቶ አንሺ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እስክስታ ሳነሳ ትከሻው እየደበዘዘ አስቸገረኝ። ሹተሩን ስንት ላድርገው?» ሹተር ካሜራው ውስጥ ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ ነው፤ ቁጥሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ይናገራል። መልሱ ቀላል ነው። 1/500 ላይ አድርጊው፣ ቀጥ ይላል አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድሮ የጠፋ አንድ ፊልም ትዝ ብሎኝ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ካሜራዬ ዜኒት ኢ ነበረች፤ የሶቪየት ሥሪት፣ ከባድ፣ ባትሪ የማትጠይቅ። ፊልሙ የምሥራቅ ጀርመኑ ኦርዎ። መሥሪያ ቤቴ አንድ የባህል ቡድን ልምምድ ላይ እንዳነሳ ላከኝ። አዳራሹ ውስጥ የሚበሩት ሁለት ሦስት አምፖሎች ናቸው። የክፍላችንን ፍላሽ ሌላ ባልደረባ ይዞት ወጥቷል። ሌንሱን እስከ መጨረሻው፣ ኤፍ 2 ድረስ ከፈትኩት፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። የብርሃን መለኪያዋ መርፌ ንቅንቅ አላለችም።

የዜኒት ሹተር ከ1/30 በታች አይወርድም። ከዚያ በኋላ ያለው «ቢ» ብቻ ነው፤ ጣታችሁን እስክታነሱ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እሱ ላይ አደረግኩት። ካሜራዋን የወንበር መደገፊያ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጠቅ አድርጌ ወዲያው መልቀቅ ጀመርኩ።

ፊት ለፊቴ የነበረችው ልጅ እስክስታ የምትወርደው እንደ ዋዛ አልነበረም። ጎበዝ እስክስታ ወራጅ አይታችሁ ከሆነ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ራስ ውልፍት አይልም። እሷም እንደዚያ ናት።

ፊልሙን ማታውኑ ከጨለማ ክፍሉ ሠራተኛ ጋር አጠብነው። ጉደኛ ሰው ነበር። የኬሚካሉን ሙቀት የሚለካው በክርኑ ነው። ቴርሞሜትሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ! ደግሞ አይሳሳትም። ወረቀቱ ላይ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ሁለታችንም ዝም አልን። ዓይኗ ጥርት ብሏል። ሹሩባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከአንገቷ በታች ግን ትከሻም ነጠላም የለም፤ ነጭ እንቅስቃሴ ብቻ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያየሁት ልክ ይህን ነበር።

ጠዋት ለአለቃችን አሳየሁት። «ልጅቷ ክንድ የላትም እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለኅትመት የማይሆን ኔጋቲቭ እዚያ ቤት አይቀመጥም ነበር። ፊልሙ ቅርጫት ገባ፤ ከሰዓት ብመለስ ተጠርጎ ወጥቷል። በኋላ የታተመው ባልደረባዬ በፍላሽ ያነሳት ነው። ጥርት ያለች፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ የቀረ። ውርጭ የመታት ነው የምትመስለው።

ከዓመታት በኋላ የኤርንስት ሃስን ሥራ አየሁ። ኦስትሪያ የተወለደ ፎቶ አንሺ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የስፔንን የበሬ ፍልሚያ በቀርፋፋ ሹተር አንስቶ፣ በሬውም ሰውየውም ወደ ቀለም ተለውጠዋል። ያኔ የነበረው የቀለም ፊልም ብዙ ብርሃን የሚፈልግ፣ ቀርፋፋ ፊልም ነበር። እሱ እጥረቱን ወደ ስልት ለወጠው። ሥራው ላይፍ መጽሔት ላይ ወጣ። የእኔ ቅርጫት ገባ። አሁንም ያንገበግበኛል፣ ምን ልዋሽ።

እንግዲህ ለጠየቀችኝ ፎቶ አንሺ መጨመር የነበረብኝ ይህ ነው። ካሜራሽን ማኑዋል ላይ፣ ማለትም ሁሉን ራስሽ የምትመርጪበት ላይ አድርጊና 1/15 ሞክሪ። ከዚያ 1/8። ሁሉም ነገር ከደበዘዘ ፎቶው ተበላሽቷል፣ ሌላ ስም የለውም። አንድ ነገር፣ ዓይን ወይም እግር ወይም ከኋላ የቆመው ከበሮ መቺ፣ ጥርት ብሎ ከቀረ ግን ተመልካቹ ድብዘዛው ሆን ተብሎ እንደሆነ ይገባዋል። የ50 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ ሲያዝ ከ1/50 በታች አይወረድም የሚባል ደንብ አለ። ደንቡ እውነት ነው። ስለዚህ ክርናችሁን ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ። መንቀጥቀጥ ያለባት እስክስታ ወራጇ ናት።

ቀን በፀሐይ ይህ አይሠራም። በ100 አይኤስኦ (ፊልሙ ወይም ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው)፣ ኤፍ 16 ላይ፣ ትክክለኛው ሹተር ወደ 1/100 ገደማ ነው። ኤፍ 22 ብታደርጉት እንኳ 1/50 ነው። 1/15 ከፈለጋችሁ ብርሃን የሚቀንሰውን የኤንዲ ፊልተር ግዙ፤ ካልሆነ ጥላ ፈልጉ ወይም ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ጠብቁ። የአብዛኛው ስልክ አፐርቸር፣ ያው የሌንሱ ቀዳዳ፣ ደግሞ ጭራሽ አይቀየርም።

ስለ ነጠላም ልበል። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚጎትተው። ፍሬሙ ነጭ በነጭ ሲሆንበት ያጨልመዋል፤ የሐበሻ ፊት አብሮ ይጠቁራል። ጥምቀት ላይ በአውቶ አንስታችሁ ካህናቱ ሁሉ ከሰል የሆኑባችሁ ለዚህ ነው። አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ ክፈቱ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ነጩ ትንሽ ቢቃጠል ይቃጠል፤ እኔ ፊት ነው የምፈልገው። ነጭ አይቃጠል የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም።

የዛሬ ልጆች አትቀየሙኝ እንጂ፣ የተገዛ ፕሪሴት፣ ያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የቀለም ማስተካከያ፣ ደርባችሁ «ስታይሌ ነው» ስትሉ ይገርመኛል። መጀመሪያ ደንቡን እወቁ፣ ከዚያ አፍርሱት እላለሁ ሁልጊዜ። እኔ ያኔ ደንቡን አውቄ ነበር እንዴ? የለም። ዜኒቷ 1/30 ላይ ስላለቀችብኝ ነው። ቢሆንም ቃሌን አላነሳም፤ እናንተ ሹተር አላለቀባችሁም። እኛ በ36 ፍሬ ፊልም እየተሳቀቅን የሞከርነውን እናንተ በነፃ ትሞክሩታላችሁ። ታዲያ እዚያው ስክሪኑ ላይ አታጥፉ። ቤት ወስዳችሁ፣ አድራችሁ እዩት።

ሰርግ ላይ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ የተከፈለበትን በፍላሽ አንሱ። የሙሽራዋን እናት አደብዝዛችሁ «አርት ነው» ብትሉ ቀሪ ሂሳባችሁን የሚሰጣችሁ የለም።