«ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ» ይባላል?

ጥያቄ፦ «የዓለማችን ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ» የሚል ዜና አነበብኩ። ጓደኛዬ ዐረፍተ ነገሩ ስህተት ነው ብሎ ሞገተኝ። እኔ ሰዋስዉ ላይ ምንም እንከን አላየሁበትም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። እርስዎም አልተሳሳቱም፤ ሰዋስዉ ጤነኛ ነው። ችግሩ «ትልቁ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

«ትልቁ ልጄ» ስንል ከልጆቼ ሁሉ የሚበልጠው ማለታችን ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ሁለት ነገር ታስረግጣለች። እንዲህ ያለ አንድ ነገር አለ፤ እሱን የሚበልጥም የለም። ብቸኛ ቁጥር ላይ ይህ አይሠራም።

ለምን? ብቸኛ ቁጥር ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ሙሉ ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይሄዳል። እስቲ 13 የመጨረሻው ነው እንበል። ስድስቱን አባዝተን 1 ስንደምር 30,031 ይመጣል። ይህን ከስድስቱ ለየትኛውም ብናካፍለው 1 ይተርፋል። ስለዚህ የሚያካፍለው ብቸኛ ቁጥር የግድ ከ13 ይበልጣል። እውነትም 30,031 የ59 እና የ509 ብዜት ነው፤ ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። በ13 ፋንታ የፈለጉትን ግዙፍ ብቸኛ ቁጥር ወስደው፣ እስከዚያ ያሉትን ሁሉ ቢያባዙና 1 ቢደምሩ ያው ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ይህን ካሳየ ከ2,000 ዓመት በላይ አልፎታል። እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ በጥቂት መስመር ማለቂያ የሌለውን ነገር ማስረዳት ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ዜናው «እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር» ማለት ነበረበት። ርዕስ ላይ ቦታ ከጠበበ «የሚታወቀው ትልቁ» ይበቃል። «የዓለማችን» የምትለዋ ትውጣ፤ የምትጨምረው ነገር የለም።

ዜናው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ይፋ ስለሆነው ቁጥር ከሆነ፣ እሱ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው። 41,024,320 አሃዞች አሉት። «41 ሚሊዮን ቁጥሮች አሉት» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እባካችሁ አሃዝና ቁጥርን አናምታታ። አሃዝ ከ0 እስከ 9 ያለው ምልክት ነው። አሃዞቹ ተሰልፈው የሚሰጡን ደግሞ ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ 41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህንኑ ቁጥር «52ኛው የመርሴን ብቸኛ ቁጥር» የሚለውም አባባል ያሳስበኛል። ልክ እንደዚህ ሁለትን ደጋግሞ በማባዛትና 1 በመቀነስ የሚገኙት ብቸኛ ቁጥሮች የመርሴን ይባላሉ። «52ኛው» ሲባል ከእሱ በታች ያሉት 51 ብቻ ናቸው ያሰኛል። ይህ ገና ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም፤ በመሀል ያመለጠ ሊኖር ይችላል። «የሚታወቁት የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች 52 ደረሱ» ቢሉ ግን ማንም አይሞግትዎትም፣ ጓደኛዎም ጭምር።