ለጥብቅ ሥፍራ ድጋፍ ስንጠይቅ ምን ይቅደም? የሰሜን ሸዋ ጥያቄና መልስ

በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለመከለል የምትደክሙ ወገኖች ጥያቄያችሁን እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር፤ ብዙ መጣ። ለማታውቁኝ፦ በመንዝ ጓሳ ግርጌ ተወልጄ ያደግሁ፣ የድጋፍ ማመልከቻ በመጻፍና በመገምገም የኖርሁ ሰው ነኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ መተዳደሪያ ደንብ ሳይኖራችሁ ገንዘብ አትጠይቁ።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ጋሼ፣ ተራራችንን ልንከልል ነው። ገንዘብ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ የትኛው ተራራ? ስንት ቀበሌ ያዋስነዋል? ማን ከብት ያሰማራበታል? ይህን ጽፈህ ላክልኝ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ገንዘብ ሰጪዎች ቅድሚያ የሚሰጡት ለብርቅዬው እንስሳ ነው ወይስ ለድሃው ሰው?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጓሳን እንይ። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል፤ ውኃው በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። እዚህ ያደረሰው ግን ሰው ነው። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ በአስቦና በጌራ ወገን ተከፍለው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሳይነካ ይቆያል። ሲደርስ ይከፈትና መብት ያለው ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሳ ያጭዳል። ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቄሮ የቆመበትን የርስት ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳው ለመጣ ሁሉ ክፍት ሆነ፤ ሣሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ኮሚቴ መርጦ፣ ደንብ ጽፎ መልሶ አቆመው።

ይህን ሁሉ የምተርከው ለምን መሰላችሁ? ቦታው ሲዘጋ የሚጎዳ ሰው አለ። ማገዶ ሸጣ የምታድረው ባልቴት፣ መሬት ሳይደርሰው ቀርቶ በአሥር በግ የሚተዳደረው ወጣት ናቸው። አምስት ጥማድ በሬ ያለው ሰው መዘጋቱን ይችለዋል፤ እነርሱ አይችሉትም። ስገመግም መጀመሪያ የምፈልገው እነዚህ ሰዎች በዕቅዱ ውስጥ ስማቸው የት እንደተጻፈ ነው። በመጨረሻው ገጽ፣ «ሌሎች ተጠቃሚዎች» በሚለው ሥር ካገኘኋቸው ማመልከቻው አላሳመነኝም ማለት ነው። የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ለእነርሱ ይሁን፤ በግ ማድለቢያ ይሁን፣ ንብ ቀፎ ይሁን፣ የመኖ ሣር ይሁን፣ ራሳቸው ይምረጡት።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ የገንዘቡ መጠን ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ ሰጪው ይለያያል። የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ለረጅም ዓመታት ለአንድ ሥራ ሲሰጥ የኖረው ቢበዛ 50,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። የሚለቀቀው በየምዕራፉ ነው፤ የፊተኛውን ሳታወራርዱ የኋለኛውን አትቀበሉም። የእናንተንም መዋጮ ይጠይቃል። የጉልበት ሥራ መዋጮ ነው! እርከን የሠራችሁበትን፣ ድንበር የተከላችሁበትን ቀን ሁሉ ከእነፊርማው በመዝገብ ያዙ። ስንት ቀበሌ ለዓመታት በነጻ ሠርቶ አንዲት ወረቀት ሳይዝ ባዶ እጁን ቀርቷል።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ባሕር ዛፍ ብንተክልበት ድጋፍ ይሰጠናል?

መልስ፦ በጥብቅ ሥፍራ ውስጥ አይሆንም።

ሐሳብ (ከጣርማ በር)፦ ጋሼ፣ ይህ አነጋገር ይከብዳል። የወፍ ዋሻን ደን እስከ ዛሬ ያቆየው ባሕር ዛፍ ነው። ሰው በጓሮው ማገዶና ማገር ባያገኝ ኖሮ ጥዱና ዝግባው ያኔ ባለቀ ነበር።

ሐሳብ (ከአንኮበር፣ ሌላ ሰው)፦ የኛን ምንጭ ያደረቀውስ ማን ነው? ከምንጩ ራስ ላይ ተክላችሁት አይደለም ወይ?

ሐሳብ (ከጣርማ በር)፦ እኛ አልተከልንም፤ የወሰን ማዶዎቹ ናቸው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምትጣሉት ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው። ባሕር ዛፉ ከምንጭ ርቆ በግል ጓሮ ይሁን፤ በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወይራ ይተከል። የወሰኑን ነገር ለሽማግሌ ስጡት፤ እዚህ አንፈርደውም።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ጋሼ፣ የማመልከቻ ቅጹን ይላኩልን።

መልስ፦ ደንባችሁ የታለ? ቅጹ ቀላሉ ነገር ነው። የማን መሬት ነው፣ ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ የጣሰ ምን ይቀጣል? ይህን ሕዝብ ተሰብስቦ ካልወሰነ ቅጹ ምን ይሠራላችኋል? የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል ደንግጓል። ቦታችሁ ደን ከሆነ ከዚያ ጀምሩ።

ጥያቄ (ከመንዝ ላሎ)፦ ጭላዳ ገብሳችንን ፈጀው። ካሳ በበጀት ይገባል?

መልስ፦ የጥሬ ገንዘብ ካሳ አልመክርም፤ የጠብ ምንጭ ነው። ጭላዳውን ከማሳ የሚመልስ የእረኛ አበል አስገቡ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ ምን ብንጽፍ ይሻላል?

መልስ፦ የውሻ ክትባት። በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ ከእኛ መንደር ውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አንድን መንጋ በአንድ ወቅት ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ ልጆቻችንንም ያድናል። ቀበሮውንና ድሃውን በአንድ የበጀት መስመር የሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የካርቦን ሽያጭ ነገርስ?

መልስ፦ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአንኮበር፣ አንዲት እህት)፦ የጠባቂዎች ደመወዝ የአስተዳደር ወጪ ነው ተብሎ ተሰረዘብን። ደግሞስ ድጋፉ ሲያልቅ ማን ይከፍላቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ነገር ግን በአዋጁ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው። ጠባቂ ሥራው ጥበቃ ነው፤ ጥበቃ ደግሞ ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ይህንኑ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉት።

የኋለኛው ይከብዳል። ብዙዎች «ከቱሪስት ገቢ» ብለው ይጽፋሉ። በ2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ የትኛው ቱሪስት ነበር? በሌላ ወረዳ አንድ ማኅበር ከድጋፉ ግማሹን በቆርቆሮ አዳራሽና በታፔላ ጨርሶ፣ በሁለተኛው ዓመት ጠባቂዎቹን አሰናበተ። አዳራሹ ዛሬም ቆሟል፤ ደኑ ግን የለም። ስለዚህ ከቦታው ከራሱ የሚወጣ ነገር ፈልጉ። ሣሩ በሚከፈትበት ዓመት እያንዳንዱ አጫጅ ትንሽ ይክፈልና ገንዘቡ በማኅበሩ ስም ባንክ ይግባ፤ ሦስት ሰው ካልፈረመ አይውጣ። ቦታው በሚዘጋባቸው ዓመታት ጠባቂው የሚከፈለው ከዚያ ነው። ከፊርማዎቹ አንዱ ማገዶ ሻጮቹ የመረጧት ሴት ትሁን።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ጋሼ፣ ደንብ እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን፣ እረኞቹንና ማገዶ ሻጮቹን አንድ ላይ አስቀምጥና መጀመሪያ «ቦታው ዱሮ መቼ ይዘጋ ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። የሚሉትን ሳታሳምር እንዳለ ጻፈውና ላክልኝ።